በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የነበረችው ጠርሙስ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ በዚህ አባባል እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ባሕር ማዶ በምኖርበት ከተማ መሃል፣ ዳውንታውን፣ ፍርድ ቤቶቹ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ትኬት የሚሰጠው ማሽን ነው፣ ሂሳብ የሚቀበለውም ማሽን ነው፤ የእኔ ድርሻ ማሽኑን ሊሸውዱ የሚሞክሩትን ማነጋገር ነው። በቀን አምስት ስድስት ሰው «ትኬቴ ጠፋብኝ» እያለ መስኮቴን ያንኳኳል። በጠዋት የገባው ሰውዬ አሁን ገና እንደገባ ይምላል። ጠበቃው ይዋሻል፣ ነርሷ ትዋሻለች፣ እውነቱን ብቻ ልናገር ብሎ ችሎት ፊት እጁን አንሥቶ የማለው ምስክር እንኳ እኔ ጋ ሲደርስ ይዋሻል። እኔ አልከራከርም። «እስቲ ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ» እላለሁ በትሕትና። ብዙውን ጊዜ ትኬቱ ከዚያው ይወጣል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ይህን የምለው ለራሴ ማስተባበያ ለመፈለግ አይደለም። ትንሽ ግን ነው።

ሲጋራ ሃያ ስድስት ዓመት አጭሻለሁ። ሳሉ እንቅልፍ ሲነሣኝና ሐኪሙም ሲቆጣኝ፣ አብሮኝ የሚሠራ ያገሬ ሰው ከኪሱ አንዲት ብዕር የምታህል ነገር አወጣና «ጋሼ፣ ይቺን ትራይ አድርጋት እስቲ» አለኝ። ቬፕ ነበረች፤ በባትሪ እየሞቀች እንፋሎት የምትሰጥ የኤሌክትሪክ ሲጋራ። ሞከርኳት፣ ሲጋራውን ተውኩ። ሚስቴ የምትደሰት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ጊዜ እያገላበጠች አየቻትና «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ጡጦ አለቻት። ሰው ፊት ሳይቀር «ጡጦህን ረሳህ» ትለኝ ነበር።

እኔ ግን ሥራዬን የማከብር ሰው ነኝና ጡጦዬንም አከበርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ቤዝመንት እወርዳለሁ። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ አንዲት አሮጌ ጠረጴዛ አለችኝ፤ ከላይዋ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው ውስጥ ዕቃዬን ሁሉ አውጥቼ በንጹሕ ወረቀት ላይ እደረድራለሁ። ባትሪዋን ከካርትሪጇ እፈታለሁ። ካርትሪጅ የሚሏት ፈሳሹ የሚቀመጥባት፣ የጣት ቁራጭ የምታህል ብልቃጥ ናት። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ ላይ አልኮል ጠብ አደርግና ሁለቱ የሚጋጠሙበትን ብረት እወለውላለሁ፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ያ ጥቁረት ደስ ይለኛል። ባዶዋን ካርትሪጅ በሞቀ ውሃ አጥቤ በጨርቅ ላይ አፏን ደፍቼ አሳድራታለሁ። ሌላዋን፣ ቀድማ ታጥባ የደረቀችውን፣ እሞላለሁ። ብልሃቱ ያለው መሙላቱ ላይ ነው። የጠርሙሷን ቀጭን አፍ ከጎኑ አስጠግቶ በግድግዳው ማንቆርቆር ነው እንጂ መሃል ለመሃል ካፈሰሱት ወደ አየር ማለፊያዋ ይገባና ይበላሻል። እስከ አፏም አይሞላም። ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርጌ አቆማታለሁ፤ ውስጧ ያለው ጥጥ እስኪጠጣ።

ማስቀመጡም ሥርዓት አለው። ባትሪን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ መክተት የሞኝ ሥራ ነው፣ እሳት ይጭራል። ክረምት ላይ መኪና ውስጥ ከረሷት በረዶው ይገድላታል፣ በጋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ያሳብጣታል። ፈሳሹ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። የናና ሽታ ያለው ነበር የምወደው፤ በትልቅ ጠርሙስ ገዝቼ እየቀነስኩ እጠቀም ነበር።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነገር ተበላሸ። ዳውንታውን መስኮቴ ሥር ቆሜ አንድ ጊዜ ስስብ ከእንፋሎቱ ጋር የጋለ ጠብታ ምላሴ ላይ ዐረፈ። ጮኽኩ። ካርትሪጇን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፤ ልትፈላ እንደተቃረበች ጀበና ትንጣጣለች። ጣዕሙም የለም፣ የናናው ሽታ ርቆ የሄደ ነው። ሲጀመር ራሴን ጠረጠርኩ፣ ሳላደርቃት ሞልቻት ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ቀን አደረቅኳት። ያው ሆነ። አዲስ ካርትሪጅ ገዛሁ። ያው። ከዚያ ሻጯን ጠረጠርኩ። ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ባለቤት ክንዷን በሙሉ የተነቀሰች፣ በዕድሜ የገፋች ነጭ ሴት ናት። ጠርሙሷን ይዤላት ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ መብራቱ አንሥታ ነቀነቀቻት፤ ጠብታ በጣቷ አሽታ «ይሄ ውሃ ገብቶበታል» አለችኝ። እኔ የሸጥኩልህ ወፍራም ነበር፣ ይሄ ቀጥኗል አለች። እየዋሸች እንደሆነ ለማወቅ ዓይን ዓይኗን አየኋት። ዐሥራ አንድ ዓመት ያየኋቸውን ውሸታሞች አትመስልም ነበር።

እንግዲህ ውሃው የገባው እኔ ቤት ነው።

አዲስ ጠርሙስ ገዛሁና ከሞላሁ በኋላ ፈሳሹ የደረሰበት ላይ በቀጭን ብዕር መስመር አሰመርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሳልነካት ቆየሁ። ቅዳሜ ወርጄ ሳያት ፈሳሹ ከመስመሩ በላይ ነው። በላይ! ሌባ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቆሜ ብዙ አሰብኩና በመጨረሻ ፈገግ አልኩ፤ ይህን ዘዴ ዐውቀዋለሁ። ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ስሠራ አስተናጋጆቹ ጂን ሰርቀው ይጠጡና ጠርሙሱን በውሃ ይሞሉት ነበር። ሁልጊዜም የሚጋለጠው ጀማሪው ነው፤ እጁ ይበዛና ከነበረው አስበልጦ ይሞላዋል። ቤቴ ውስጥ ጀማሪ ሌባ አለ ማለት ነው።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ሚስቴና ልጃችን። ሚስቴን ለአንዲት ደቂቃ አልጠረጠርኳትም። ያንን ቆርቆሮ እንደ ሬሳ ሳጥን ነው የምታየው፤ መደርደሪያውን ስትጠርግ እንኳ በመጥረጊያው እጀታ ነው ገፋ የምታደርገው። ከከተማው ዳር ኒው አልባኒ፣ መጋዘን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ገብታ የምትሠራ፣ የምትጾም፣ የምትሰግድ ሴት ናት። የቀረችው ልጄ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ ላይ የነበረች፣ ብቸኛ ልጃችን። እዚሁ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ነበር፤ ከቤት እየተመላለሰች እንድትማርም ተስማምተናል። ይህን ያለችው ራሷ ናት። «ማም ብቻዋን አትሆንም፣ ያንተንም ሳል ማን ይሰማል?» ብላ ስቃ ነበር። ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

አንዴ መጠርጠር ከጀመሩ ማስረጃ አይጠፋም። ረቡዕ ረቡዕ ልብሷን ልታጥብ ቤዝመንት ትወርዳለች፤ ለምን ይህን ያህል ትቆያለች? የክፍሏን በር ትዘጋለች። ቦርሳዋ ናና ናና ይላል። የማስቲካ ሽታ እንደሆነ ዐውቃለሁ፣ ማስቲካውንም አይቼዋለሁ፤ ግን ማስቲካ የሚያኝክ ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው አልኩ። ስትስቅ ጠረጠርኳት፣ ዝም ስትልም ጠረጠርኳት።

ከትምህርት በኋላ አፐር አርሊንግተን የሚባለው ሰፈር አንድ ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ አልፌ እወስዳታለሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ዱቄት በዱቄት ሆና መኪናዬ ውስጥ እንደገባች፣ ሳንንቀሳቀስ ጠየቅኳት።

«ከቆርቆሮው መውሰድ የጀመርሽው መቼ ነው?»

«የምን ቆርቆሮ?»

«ታውቂዋለሽ።»

ገባት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ያንን መለዋወጥ ዐውቀዋለሁ፣ ትኬቱ ቦርሳው ውስጥ ያለ ሰው ፊት ነው አልኩ በሆዴ።

«ዳድ፣ አር ዩ ሲሪየስ?»

«ጠርሙሷ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ትወስጂና በውሃ ትሞዪዋለሽ። እኔን ልታታልዪ?»

ከክንዷ ላይ ዱቄቱን አራገፈች። ከዚያ ቀስ ብላ «ማምን አስክ አድርገሃታል?» አለችኝ።

«እናትሽን እዚህ ውስጥ አታስገቢያት! እሷ በእጇም አትነካው። አልነግራትም፣ ብትሰማ በሐዘን ነው የምትሞተው። በእኔና ባንቺ መካከል ይቀራል።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ኦኬ። ፋይን። እኔ ነኝ። አሁን ሃፒ ነህ?» አለች።

ምርር ያለው ሰው ለመገላገል እንዲህ እንደሚል፣ ማመን እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። እኔ ግን ቃሏን እንደ ፍርድ ቤት ቃል ተቀበልኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ፣ አላበድኩም ማለት ነው አልኩ። በማግስቱ አብረን ቤት ስንገባ በሩ ላይ አስቁሜ «ቦርሳሽን ክፈቺልኝ» አልኳት። ከፈተችልኝ። በማግስቱም። በሳምንቱ እኔ ሳልጠይቃት ትከፍት ጀመር፤ በሩን ትዘጋለች፣ ቦርሳዋን የጫማ ማስቀመጫው ላይ ታደርጋለች፣ ዚፑን ትስባለች፣ በሁለት እጇ ትይዝልኛለች። እናቷ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለሆነች አታይም። እኔ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። መጽሐፍ፣ ማስቲካ፣ የዳቦ ቤቱ ሽርጥ። ሌላ ነገር አንድም ቀን አላገኘሁም፤ ሌላ ቦታ ደብቃው ነው አልኩ።

ቆርቆሮዬንም ቆለፍኩት። ጎኑን በስቼ በሻንጣ ቁልፍ አሰርኩት። ቁልፉ ከሁለት መክፈቻ ጋር ነው የመጣው፤ አንዱን ከመኪና ቁልፌ ጋር ያዝኩ፣ ሌላውን ከሚስቴ የስፌት ዕቃ ጋር መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። ወዲያው ውሃው ቆመ። ካርትሪጇ መንጣጣት አቆመች፣ ጣዕሙ ተመለሰ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

በወሩ መጨረሻ፣ እናቷ ሥራ ባልገባችበት ቀን፣ ልጄ ራት ላይ፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሣ፣ ዶርም ለመግባት ወስኛለሁ አለች። እናቷ ደነገጠች፤ ከዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ምን ጎደለሽ፣ ምን አጠፋን አለቻት። «አይ ጀስት ኒድ ስፔስ፣ ማም፤ ለራሴ ቦታ እፈልጋለሁ» አለች ልጅቷ። እናቷ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ተናገራት እንጂ» አለችኝ። እኔ እንጀራዬን ጠቀለልኩ። ለማጨስ እንዲመቻት ነው የምትሄደው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው። ነሐሴ ላይ ሣጥኖቿን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ አደረስኩላት። እናቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔን በአንድ ትከሻዋ ነካ አደረገችኝና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ቤታችን ጸጥ አለ። ሳሌን የሚሰማው ሰው ሳይኖር ዕንቁጣጣሽ አለፈ። መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ እዚያው መስኮቴ ሥር፣ የጋለ ጠብታ ምላሴ ላይ ዐረፈ።

ካርትሪጇን ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት። ትንጣጣለች። ልጄ ከቤት ከወጣች ስድስት ሳምንት ሆኗታል፤ እሑድ እንኳ መጥታ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነን።

በሚቀጥለው እሑድ ትርፍ ሰዓት ልሠራ ነው ብዬ ከቤት ወጣሁ። መኪናዬን ከሁለት ቤት ወዲያ አቆምኩና ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ጠብቄ ተመልሼ ገባሁ። ቤዝመንት፣ ከተሰቀሉት የክረምት ካፖርቶች ኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ከካፖርት ኋላ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅሁ።

ሚስቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወረደች። በእጇ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችው የጠበል ፕላስቲክ አለ፤ ፍሪጅ ላይ የምናስቀምጠው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ የምትጠጣው። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ፣ የስፌት መሳቢያዋ ውስጥ የጣልኳትን ትንሿን ቁልፍ አወጣች። ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ጠርሙሷን አወጣች፣ አማተበች። ጠበሉን በጠርሙሷ ክዳን እየለካች ሦስት ጊዜ ጨመረች፤ አንዱን በአብ፣ አንዱን በወልድ፣ አንዱን በመንፈስ ቅዱስ። «የልጄን አባት ማርልኝ፤ ደረቱን ጠግንልኝ፤ ይሄን ነገር ከእጁ አስጥልልኝ» አለች።

ከካፖርቶቹ መሃል ስወጣ ጮኻ ፕላስቲኩን ጣለችው።

«አንቺ ነሽ!» አልኳት።

ትንፋሿ ሲመለስ አላፈረችም። «እኔ ነኝ» አለች። «በጾሙ ተው ብዬ ለመንኩህ። ጾም የሚያፈርሰው ቅቤ እንጂ እንፋሎት አይደለም ብለህ ቀለድክብኝ። ጠበል ጠጣ ብልህ አልጠጣ አልክ። ታዲያ በምትጠጣው አደረግኩልህ። ምን አጠፋሁ?»

«ውሃ መስሎኝ ልጄን ሌባ አልኳት!»

«የቷን ልጅ?» አለች። ስንት ልጅ እንዳለን ያላወቀች ያህል።

ሁሉንም ነገርኳት። መኪናው ውስጥ ያልኳትን፣ ቦርሳዋን ማስከፈቴን። ሚስቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እሷም የራሷን ተናገረች። ጾሙ ላይ ልጅቷ ልብስ ልታጥብ ወርዳ አይታታለች። «ማርያምን ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብዬ አስማልኳት» አለች። «እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

እንድጠይቅሽ የነገረችኝ ልጃችን ራሷ ናት አላልኳትም። ፍርድ ቤት ምለው ወጥተው ለአንድ ትኬት የሚዋሹትን ዐሥራ አንድ ዓመት ስሰማ ኖሬ፣ ቤቴ ውስጥ አንዲት ልጅ ለእናቷ የማለችውን መሐላ ላለማፍረስ የሌባ ስም ተቀብላ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ እኔ ጠርሙሴን ስጠብቅ፣ እናትየው ሳንባዬን ስትጠብቅ፣ ልጃችን ከቤት ወጣች። አፈርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወዲያው ተነሥቼ ወደ ዶርሟ ነዳሁ። ደውዬላት ወረደችና መኪናው ውስጥ ገባች። ዓይኗን አላየሁም፤ መሪውን ይዤ ነው የተናገርኩት።

«እናትሽን አየኋት» አልኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። በድዬሻለሁ።»

አባቴ እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

«ኢትስ ኦኬ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም? እሺ መሐላው አለ፣ ግን ቢያንስ እኔ አይደለሁም ብለሽ አትከራከሪም ነበር?»

ወደ እኔ ዞረች። «ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አዎ ልላት ፈልጌ ነበር። ለእሷ መዋሸት ግን ከበደኝ።

«ወደ ቤት ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«ኮንትራት ሳይን አድርጌያለሁ፣ ዳድ። እስከ ሜይ። ደግሞ እዚህ ተመችቶኛል።» ከመኪናው ስትወርድ ትንሽ አሰበችና «ሰንደይ ግን እመጣለሁ» አለች።

በዚያው ሳምንት ባትሪዎቼን ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኜ አሮጌ ባትሪ የሚሰበሰብበት ቦታ አደረስኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጡጦዬን አልነካኋትም። ሚስቴ ጠበሉ ነው የሠራው ትላለች። እኔ እፍረቱ ይመስለኛል፣ ግን አልከራከራትም።

እሑድ ልጄ መጣች። የምትወደውን ሠርተን ነበር፤ እናቷ ኩሽና ናት፣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ገባች። ሰላም ሳትለኝ ቦርሳዋን የጫማ ማስቀመጫው ላይ አደረገች፣ ዚፑን ሳበች፣ በሁለት እጇ ከፍታ ያዘችልኝ።

«ዝጊው፣ ልጄ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ እጆቿን አየች፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ገና ነው።

«ኦ» አለች። «ሶሪ፣ ዳድ።»